የመሰንቆው ጉምጉምታ ከየት ይመጣል? ስለ ጸጥተኛ የኃይል ምንጭ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ያነሣሉ። በትርፍ ጊዜያቸው ኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ አንባቢያን ለማጉያዎቻቸውና ለመቀበያዎቻቸው ጉምጉምታና ፉጨት የማያስገባ የኃይል ምንጭ በራሳቸው እጅ መሥራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የዓምዱን ቦታ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼ፣ በመብራት ላይ የሚሠራ ሰው ሊዘነጋቸው የማይገባቸውን የደኅንነት ነጥቦች በየቦታቸው እያነሣሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መሰንቆ እጫወታለሁ። በቆዳው ላይ ፒኤዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቁራጭ) ለጥፌ በኦፕ አምፕ (በትንሽ የማጉያ ቺፕ) የሚሠራ ትንሽ ቅድመ ማጉያ ሠርቻለሁ። በ9 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ድምፁ ንጹሕ ነው። ከ12 ቮልት አዳፕተር ጋር ሳገናኘው ግን ቀጭን ፉጨትና ጉምጉምታ ይሰማል፤ ጣቴን በማጉያው የብረት ሳጥን ላይ ሳሳርፍ ጉምጉምታው ይቀንሳል። ለዚህም ለወደፊት ሥራዎቼም የሚያገለግል፣ 12 ቮልት እስከ ግማሽ አምፔር የሚሰጥ ሊኒየር የኃይል ምንጭ እንዴት ልሥራ? (አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ በባትሪ መሞከርዎ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ጤነኛ ማጉያ ፈታትቶ ይጥላል። ሙከራው ፒኤዞውም ማጉያውም ደኅና እንደሆኑና ችግሩ ከአዳፕተሩ እንደሚመጣ አረጋግጦልዎታል።

የዛሬ አዳፕተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስዊቺንግ የሚባለው ዓይነት ናቸው። የመብራቱን ተለዋዋጭ ከረንት መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጡና በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያበሩና እያጠፉ በአንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ያሳልፉታል። ይህ ፍጥነት ከጆሯችን አቅም በላይ ነው። ነገር ግን ቅድመ ማጉያዎ የሚስበው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ አዳፕተሮች እንዲህ ባለ ቀላል ጭነት ጊዜ ኃይል ለመቆጠብ ጥቂት ሠርተው ጥቂት ያርፋሉ፤ የሥራውና የዕረፍቱ ምልልስ ደግሞ ወደሚሰማ ድምፅ ይወርዳል። ፉጨቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጣትዎ የሚያበርደው ጉምጉምታ ሌላ ምክንያት አለው። ባለ ሁለት እግር በሆኑት፣ የመሬት ሽቦ በሌላቸው አዳፕተሮች ውስጥ፣ በመብራቱ ወገንና በውጤቱ ወገን መካከል ረብሻን ለመግታት የምትቀመጥ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አለች፤ በእርሷ በኩል እጅግ ጥቂት ከረንት ወደ ማጉያዎ ይሾልካል። ስልክ ቻርጀር ላይ ሳለ የብረት ጠርዙን ሲነኩት አንዳንድ ጊዜ ጣትን የሚነዝረው ይኸው ነው። ሊኒየር የኃይል ምንጭ የሚያበራና የሚያጠፋ ክፍል የለውም፤ የመብራቱን ወገን ከውጤቱ ወገን የሚለየውም ትራንስፎርመሩ ስለሆነ የሚሾልከው እጅግ ያነሰ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤት ያስቡ። ቧንቧው የሚመጣው በሰዓቱ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠቀመው ከሮቶው ነው። በኃይል ምንጩ ውስጥ ሮቶው ትልቁ ካፓሲተር ነው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ አራቱ ዳዮዶች (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች) ሁለቱንም ወገን ሲያስተካክሉት ፈረቃው በሰከንድ 100 ጊዜ ይመጣል፤ በሁለት ፈረቃዎች መካከል ያለው ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሮቶው ውሃ ጥቂት ይወርዳል፤ ያ መውረድና መውጣት ነው ሪፕል የምንለው። ከካፓሲተሩ በኋላ የሚቀመጠው ሬጉሌተር ደግሞ ይህን መዋዠቅ ወደ ውጤቱ እንዳይደርስ ይገታዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። 15 ቮልት የሚሰጥ 20 ቪኤ (ቮልት አምፔር) ትራንስፎርመር ይምረጡ። 15 ቮልት የተለዋዋጭ ከረንት ልኬት ነው፤ ጫፉ በ1.41 ተባዝቶ 21.2 ቮልት ይደርሳል። ሁለት ዳዮዶች በመንገድ ላይ ወደ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳሉ፤ ካፓሲተሩ ላይ 19.2 ይቀራል። 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢያደርጉ፣ ግማሽ አምፔር በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ 1 ቮልት ያህል ያወርደዋል፤ ስለዚህ ዝቅተኛው ነጥብ ወደ 18.2 ቮልት ነው። ኤልኤም 317 የተባለው ሬጉሌተር በእርጋታ እንዲሠራ መግቢያው ከመውጫው በ3 ቮልት ያህል መብለጥ አለበት፤ ለ12 ቮልት ውጤት 15 ያስፈልገዋል ማለት ነው። የሚተርፈው 3.2 ቮልት ነው።

ይህ ትርፍ ቅንጦት አይደለም። የመብራቱ ቮልቴጅ ከ220 ወርዶ ወደ 187 ገደማ ሲደርስ ያ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ሬጉሌተሩ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ሥራውን ለአፍታ ያቆማል፤ ጉምጉምታውም ወደ ውጤቱ በቀጥታ ያልፋል። ቀን ቀን ጸጥ ብሎ ማታ ማታ፣ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ የሚጮኽ የኃይል ምንጭ ካጋጠመዎ ምክንያቱን በመጀመሪያ እዚህ ይፈልጉ። ሰፈርዎ ቮልቴጅ የሚወርድበት ከሆነ 18 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ይውሰዱ፤ በእርሱ መብራቱ እስከ 155 ቮልት ገደማ ቢወርድም ይቋቋማል። ዋጋው ሙቀት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ካፓሲተሩም የሚችለው ቮልቴጅ በቂ ይሁን። ትራንስፎርመር ጭነት ሳይኖርበት ከተጻፈበት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚሰጥ፣ መብራቱም ወደ 240 ሊወጣ ስለሚችል፣ ለ15 ቮልቱ ባለ 35፣ ለ18 ቮልቱ ባለ 50 ቮልት ካፓሲተር ይጠቀሙ።

ኤልኤም 317 እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በናሽናል ሴሚኮንዳክተር ኩባንያ የተሠራ አሮጌ ንድፍ ነው፤ ሆኖም ዛሬም በቀላሉ የሚገኝና የሚታመን ነው። በመውጫውና በማስተካከያው እግር መካከል ሁልጊዜ 1.25 ቮልት ይጠብቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል 120 ኦም፣ ከማስተካከያው እግር ወደ ግራውንድ (ወደ ጋራው ዜሮ መስመር) ደግሞ 1000 እና 33 ኦም በተከታታይ ሲያደርጉ ውጤቱ 12 ቮልት ገደማ ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ሬጉሌተሩ 1.25 ቮልቱን ወደ 12 ሲያሳድግ የራሱንም ኖይዝ (ራሱ የሚፈጥረውን ረብሻ) ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ሪፕልን የመግታት ችሎታውም በዚያው ልክ ይደክማል። መድኃኒቱ ከማስተካከያው እግር ወደ ግራውንድ የሚደረግ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ሬጉሌተሩ ያለ እርሱ ሪፕልን በ65 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከእርሱ ጋር ግን 80 ዴሲቤል ይደርሳል። በእኛ ቁጥር ሲተረጎም 1 ቮልቱ ሪፕል ያለ ካፓሲተሯ 0.56 ሚሊቮልት ሆኖ ይወጣል፤ ከካፓሲተሯ ጋር 0.1 ሚሊቮልት ብቻ። ከጥቂት ብር በማይበልጥ ዕቃ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ሥራ አላውቅም። ካፓሲተሯ የያዘችው ኃይል ውጤቱ በድንገት ከግራውንድ ጋር በቀጥታ ሲነካካ ወደ ሬጉሌተሩ እንዳይፈስ፣ ከማስተካከያው እግር ወደ መውጫው የሚያሳልፍ አንድ 1ኤን 4007 ዳዮድ፣ እንዲሁም ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚያሳልፍ ሌላ ዳዮድ ይጨምሩ።

ሙቀቱን እናስላ። ከ18.7 ቮልት አማካይ ላይ 12 ሲቀነስ 6.7 ይተርፋል፤ በግማሽ አምፔር ሲባዛ 3.4 ዋት ይሆናል። ሬጉሌተሩ ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀትን ወደ አየር የሚያወጣ ብረት) ይህን መሸከም አይችልም። ለእያንዳንዱ ዋት 10 ዲግሪ የሚሞቅ ሂት ሲንክ ቢያደርጉለት፣ ክፍሉ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ የሬጉሌተሩ ውስጥ 85 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ ከ125 ዲግሪ ገደቡ በታች ስለሆነ ደኅና ነው። በ18 ቮልት ትራንስፎርመር ግን የሚቃጠለው ወደ 5.5 ዋት ስለሚያድግ ሂት ሲንኩን ትልቅ ያድርጉት። አንድ ማሳሰቢያ፦ የኤልኤም 317 ጀርባ ብረት ከመውጫው እግር ጋር የተገናኘ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ሥራዬ ያለ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ወረቀት) በቀጥታ ከብረት ሳጥኑ ጋር አስሬው ውጤቱን በሙሉ ወደ ግራውንድ አገናኝቼው ነበር። የሚካ ወረቀትና የፕላስቲክ ቀለበት አድርጉበት፤ ከማብራትዎም በፊት በመልቲሜትር መለያየቱን ይፈትሹ።

በመብራቱ ወገን በፌዙ ሽቦ ላይ 200 ሚሊአምፔር ቀስ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ ይግባ። ሳጥኑ ብረት ከሆነ የመሬት ሽቦው በብሎን በጥብቅ ይታሰርበት። ሶኬትዎ የመሬት መስመር ከሌለው ግን የብረት ሳጥን አይጠቀሙ፤ የፕላስቲክ ሳጥን ያድርጉ፣ የመብራቱ ወገንም አንድም የተጋለጠ ቦታ አይኑረው።

ጥያቄ፦ ኤልኤም 317ን በመጠቀም የኃይል ምንጭ ሠርቼ፣ በማስተካከያው እግር ላይ ካፓሲተር አድርጌ፣ ሆኖም በማጉያዬ ጉምጉምታ ይሰማል። 2200 ማይክሮፋራድ የነበረውን ካፓሲተር በ10,000 ተካሁት፤ በጣም የገረመኝ ጉምጉምታው መጨመሩ ነው። ሬጉሌተሩ የተበላሸ ይሆን? (አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሬጉሌተሩ ደኅና ነው ብዬ አምናለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ከሁሉም ይልቅ ያስደሰተኝ ነው፤ ምክንያቱም ካፓሲተሩ ሲያድግ ጉምጉምታው መጨመሩ ጥፋቱ በትክክል የት እንዳለ ይናገራል።

ካፓሲተሩ የሚሞላው በጫፉ ላይ ብቻ ነው። ከ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ዳዮዶቹ የሚያሳልፉት ለ2 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ በቀረው ጊዜ ካፓሲተሩ ብቻውን ይመግባል። በ10 ሚሊሰከንድ የሚወጣውን በ2 ሚሊሰከንድ ለመተካት ከረንቱ በእነዚያ አጭር ጊዜያት እጅግ ይጨምራል፤ ግማሽ አምፔር ለሚስብ ማጉያ የመሙያው ጫፍ 2 ወይም 3 አምፔር ሊደርስ ይችላል። ካፓሲተሩን ሲያሳድጉት የመሙያው ጊዜ ይበልጥ ያጥራል፣ ጫፉም ይበልጥ ከፍ ይላል። ይህ ኃይለኛ ምት በትራንስፎርመሩ፣ በዳዮዶቹና በካፓሲተሩ መካከል ብቻ ሲዘዋወር ማንንም አይጎዳም። ችግሩ የሚጀምረው ወደ ማጉያው የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ የዚህን ምት መንገድ ሲጋራ ነው።

30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ወደ 10 ሚሊኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። ለአብዛኛው ሥራ ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን 3 አምፔር ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 30 ሚሊቮልት ይፈጠራል፤ ሬጉሌተሩ በደኅና ሲሠራ ከሚያሳልፈው ከ0.1 ሚሊቮልት ጋር ሲነጻጸር 300 እጥፍ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች በአንድ ቀጭን ቧንቧ ሲጠቀሙ፣ አንደኛው በርሚል መሙላት በጀመረ ቁጥር የሌላኛው ቧንቧ እንደሚደክም፣ የእርስዎም ማጉያ በሰከንድ 100 ጊዜ ግራውንዱ ከፍ ዝቅ ይልበታል። ሬጉሌተሩ ይህን ማስተካከል አይችልም፤ ረብሻው የሚገባው ከእርሱ በኋላ ነውና። ውድ ሬጉሌተር ቢገዙም ያው ነው። በእኔ እምነት ጸጥተኛ የኃይል ምንጭን ጸጥተኛ የሚያደርገው በመጀመሪያ የሽቦው መንገድ፣ ቀጥሎ የቮልቴጁ ትርፍ፣ የሬጉሌተሩ ዓይነት ግን ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርገው እንደገና ይበይዱት። ከዳዮዶቹ የሚመጣው ኔጌቲቭ ሽቦ በቀጥታ ወደ ትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ እግር ይሂድ፤ በመንገድ ላይ ሌላ ምንም አይገናኘው። ከዚያው ከካፓሲተሩ እግር አንድ ሌላ ሽቦ ብቻ ተነሥቶ ወደ ውጤቱ ግራውንድ ይሂድ። የማስተካከያው ሬዚስተር ማለትም የ1000 እና የ33 ኦሙ ጫፍ፣ የ10 ማይክሮፋራዷም ኔጌቲቭ እግር ከዚህ ከውጤቱ ግራውንድ ላይ ይታሰሩ። የ120 ኦሙ ሬዚስተር ደግሞ በተቃራኒው ከሬጉሌተሩ መውጫ እግር ሥር ይበየድ፤ ወደ ውጤቱ ከሚሄደው ሽቦ ጫፍ ቢታሰር የሽቦው ሬዚስታንስ በማስተካከያው ተባዝቶ ይታያል። የሳጥኑን ብረት ከግራውንድ ጋር የሚያገናኙ ከሆነ በአንድ ቦታ ብቻ፣ በውጤቱ ግራውንድ ላይ ያድርጉት። ከትራንስፎርመሩ ወደ ዳዮዶቹ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዟቸው። ካፓሲተሩንም ወደ 4700 ያውርዱት፤ ለግማሽ አምፔር ከዚህ በላይ ጥቅም የለውም፣ ትራንስፎርመሩንም ያለ ምክንያት ያሞቀዋል።

ይህን ሁሉ አድርገው ጉምጉምታ ከቀረ ድምፁን ልብ ብለው ያዳምጡ። መንዘርዘር ያለበት የ100 ሄርዝ ድምፅ ከዳዮድና ከካፓሲተር መንገድ የሚመጣ ነው። ወፍራምና ለስላሳ የሆነው የ50 ሄርዝ ድምፅ ግን ከትራንስፎርመሩ መግነጢስ ወይም ከመብራት ሽቦዎች በአየር የሚገባ ነው። ለዚህኛው ትራንስፎርመሩን ከማጉያው ያርቁት፤ ኃይሉን አጥፍተውና ከሶኬቱ ነቅለው በጥቂት በጥቂቱ አዙረው እንደገና ይሞክሩት፤ ጉምጉምታው እጅግ የሚያንስበት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ክብ የሆነው ቶሮይድ ትራንስፎርመር መግነጢሱን ወደ ውጭ የሚያፈሰው ከተለመደው ባለ አራት ማዕዘን ያነሰ ስለሆነ፣ ካገኙት የሚመረጥ ነው።

ጥያቄ፦ 7812 የተባለው ቋሚ 12 ቮልት የሚሰጥ ሬጉሌተር እያለ ለምን በኤልኤም 317 እንጨነቃለን? (አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለቋሚ 12 ቮልት 7812 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሦስት እግር፣ ሬዚስተር የለም። የ7812 ኖይዝ በአምራቾች መግለጫ 75 ማይክሮቮልት ያህል ነው። ኤልኤም 317 ያለ ማስተካከያው ካፓሲተር ለ12 ቮልት ከ300 ማይክሮቮልት በላይ ስለሚያወጣ በዚያ ሁኔታ 7812 ይበልጠዋል፤ ካፓሲተሯ ስትጨመር ግን ኤልኤም 317 ወደፊት ያልፋል። ስትተኩት የእግሮቹን ቅደም ተከተል ተጠንቀቁ። የተጻፈበትን ፊት ወደ እናንተ አድርጋችሁ ከግራ ስትቆጥሩ 7812 መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው፤ ኤልኤም 317 ማስተካከያ፣ መውጫ፣ መግቢያ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ደሴ ለሚኖረው ወንድሜ፣ ሬድዮ መቀበያ ይሠራልና፣ የኃይል ምንጭ እዚህ ሠርቼ ልልክለት እፈልጋለሁ። እዚህ የሚገኙት ትራንስፎርመሮች ለ115 ቮልት ናቸው። ሁለት የ115 ቮልት ጥቅሎች ያለው አግኝቻለሁ፤ ለአገር ቤት መብራት ይሆናል?

መልስ፦ ሁለቱ ጥቅሎች በተከታታይ ሲያያዙ ለ230 ቮልት ስለሚሆኑ በመርህ ደረጃ ይሠራል። ሆኖም በትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን ድግግሞሽ ማንበብ አለብዎ። 50/60 ሄርዝ የሚል ከሆነ ይላኩት። 60 ሄርዝ ብቻ የሚል ከሆነ አይላኩት። በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው መግነጢስ ቮልቴጁ ለድግግሞሹ ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ፣ በአገር ቤቱ 50 ሄርዝ በተመሳሳይ ቮልቴጅ መግነጢሱ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ለ60 ብቻ ተብሎ ተቆጥቦ የተሠራ ብረት ይጠግባል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፤ ጸጥታ ለሚፈልግ መቀበያ ደግሞ በዙሪያው የሚያፈሰው መግነጢስ ከሁሉ የከፋ ነው።

ጥቅሎቹን በተከታታይ ሲያያይዙ የአንደኛው መጨረሻ ከሁለተኛው መጀመሪያ ጋር መሆን አለበት። ቢገለበጥ የሁለቱ መግነጢስ እርስ በርስ ይጠፋፋና ትራንስፎርመሩ እንደ ቀጥታ ንክኪ ይሆናል። የቀለሙን መግለጫ ይከተሉ፤ ወንድምዎም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበራው ባለ ክር የ60 ዋት አምፖል በተከታታይ አድርጎ ያብራው። አምፖሉ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ከበራ ወዲያው ያጥፋው። ካፓሲተሩን ሲመርጡም እዚያ ያለው ፈረቃ በሰከንድ 120 እንደሆነ፣ እዚህ ግን 100 እንደሆነ ያስታውሱ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የለኩት ሪፕል ደሴ ሲደርስ በአምስተኛ ያህል ያድጋል።

ጥያቄ፦ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ኤልቲ 3045 የተባለ ሬጉሌተር ኖይዙ ከ1 ማይክሮቮልት በታች እንደሆነ አንብቤ በውጭ በሚኖር ዘመዴ በኩል ላስመጣው አስቤአለሁ። ለድምፅ ማጉያ ይጠቅመኛል? (አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው። ኖይዙ ከ10 ሄርዝ እስከ 100 ኪሎሄርዝ ባለው ክልል 0.8 ማይክሮቮልት ነው፤ እስከ ግማሽ አምፔርም ይሰጣል። በከፍተኛ ድግግሞሽም ረብሻን የመግታት ችሎታው አይደክምም፤ ኤልኤም 317 ግን በዚያ ክልል እጅጉን ይዳከማል። ድንቅ ሥራ ነው። ለሬድዮ ኦሲሌተር ወይም ለትክክለኛ መለኪያ መሣሪያ የሚሠሩ ከሆነ ያስመጡት።

ለኦፕ አምፕ ማጉያ ግን ገንዘብዎን ያቆዩ። እንደ ኤንኢ 5532 ያለ የተለመደ ኦፕ አምፕ በዝቅተኛ ድግግሞሽ በኃይል መስመሩ ላይ ያለውን ረብሻ በራሱ በ100 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። 0.1 ሚሊቮልት ሪፕል በ100 ዴሲቤል ሲቀንስ 1 ናኖቮልት ይሆናል፤ ይህን በመሰንቆም ሆነ በማይክሮፎን የሚሰማ ጆሮ የለም። ቢያስመጡትም መግቢያው ከ20 ቮልት መብለጥ እንደሌለበት ያስተውሉ። ከላይ የገለጽነው ካፓሲተር ጭነት ሳይኖር ከ20 ቮልት ስለሚያልፍ በቀጥታ ቢገጠም ይበላሻል፤ 15 ቮልት ላይ ከተስተካከለ ኤልኤም 317 በኋላ መቀመጥ አለበት። ትንሹ አካሉም በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በተለመደ መበየጃ አይመችም።

ከውጭ ምንም ሳያስመጡ የሚሠራ ሌላ መንገድ ልንገርዎ። ቢዲ 139 ትራንዚስተር ይውሰዱ፤ ኮሌክተሩን ከትልቁ ካፓሲተር ጋር ያገናኙ፤ በኮሌክተሩና በቤዙ መካከል 1 ኪሎኦም፣ ከቤዙ ወደ ግራውንድ 470 ማይክሮፋራድ ያድርጉ፤ ውጤቱን ከኤሚተሩ ይውሰዱ። ትራንዚስተሩ ያችን ካፓሲተር በብዙ እጥፍ ያደገች አስመስሎ ያሳያታል፤ በ100 ሄርዝ ላይ ሪፕሉን ወደ 300 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል፣ የራሱ ኖይዝም እጅግ ጥቂት ነው። ቮልቴጁን አያስተካክልም፤ መብራቱ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። እስከ 50 ሚሊአምፔር ለሚስብ ቅድመ ማጉያ ግን ይህ አይጎዳም፤ እኔ በግሌ ለእንዲህ ያለው ሥራ ከሬጉሌተር አስበልጬ እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) የለኝም፣ መልቲሜትሬም የተለዋዋጭ ቮልቴጅ ዝቅተኛ ክልሉ 200 ቮልት ነው። የሠራሁት የኃይል ምንጭ ጸጥተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? (አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በዚያ መልቲሜትር ሚሊቮልት መለካት አይቻልም፤ ዜሮ ቢያሳይዎ አይመኑት። ላፕቶፕ ካለዎ ግን የድምፅ መግቢያው ጥሩ መለኪያ ነው። ከኃይል ምንጩ ውጤት 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከዚያ በተከታታይ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርገው ወደ መግቢያው ያስገቡ፤ በመግቢያው ላይ ሁለት ዳዮዶች እርስ በርስ በተቃራኒ አቅጣጫ ተያይዘው ከሲግናሉ ወደ ግራውንድ ይደረጉ፤ ላፕቶፑን ከድንገተኛ ቮልቴጅ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፦ መጀመሪያ የኃይል ምንጩን ያብሩ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ገመዱን ወደ ላፕቶፑ ይሰኩ፤ ሲጨርሱም መጀመሪያ ገመዱን ይንቀሉ።

ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ላይ ይሁን፤ ቻርጀሩ ከተሰካ የሚያዩት የቻርጀሩን ረብሻ ነው። ድምፅን በድግግሞሹ ከፋፍሎ የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱና በ50፣ በ100፣ በ200 እና በ300 ሄርዝ ላይ የሚቆሙትን ጫፎች ይመልከቱ። ከዚያ በኃይል ምንጩ ቦታ 9 ቮልት ባትሪ አድርገው ይድገሙት። ባትሪው የሚያሳየው መለኪያዎ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛው ወለል ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኃይል ምንጭዎ ሥራ ነው። ልኬቱን ያለ ጭነት ብቻ አይውሰዱ። 12 ቮልት ላይ 33 ኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ወደ 360 ሚሊአምፔር ይስባል፤ እርሱን ጭነው የ100 ሄርዙ ጫፍ ምን ያህል እንዳደገ ይመልከቱ። ሬዚስተሩ ከ4 ዋት በላይ ስለሚያቃጥል በጣትዎ አይንኩት፣ በጣውላ ላይም አያስቀምጡት።

ለፉጨትና ከጆሮ በላይ ለሆነው ረብሻ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የመካከለኛ ሞገድ ሬድዮ ይበቃል። ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አቁመው ወደ ስዊቺንግ አዳፕተር ሲያስጠጉት ይጮኻል፤ ወደ ሊኒየሩ የኃይል ምንጭ ሲያስጠጉት ዝም ማለት አለበት። በሊኒየሩም ላይ መንዘርዘር ከሰሙ ዳዮዶቹ ሲዘጉ የሚያሰሙት ነው፤ በእያንዳንዱ ዳዮድ ላይ 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ቢያንስ 100 ቮልት የሚችል፣ በጎኑ ይበይዱና ሬድዮውን እንደገና ያስጠጉት።